ለእናቱ ሻማ የላከ ልጅ

በጥቅምት ወር አንድ ማታ፣ እኛ ሳንሱሲ መብራት ጠፍቶ፣ የልጅ ልጄ ሻማ ለኩሳ የታሪክ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አንድ ገጽ ጻፉ ተብለዋል። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ በዚያችው ብርሃን ምስር እለቅማለሁ። ስለ ጦርነቱ ጻፈች፣ ስለ ጉባኤው ጻፈች፣ ስለ መጻሕፍቱ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እማማ፣ ሚስቱስ ማን ነበረች?» አለችኝ።

«እሌኒ» አልኳት። እሌኒን የማያውቅ የለም።

«እሷ ብቻ ናት? የበእደ ማርያም እናትስ?»

ይህን አላውቅም ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የታሪክ መምህር ነበር። መጻሕፍቱ ዛሬም በቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ አሉ። እሱ ካለፈ ወዲህ አቧራቸውን ከመጥረግ በቀር ገልጫቸው አላውቅም። ያን ማታ ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኳቸው። ፈልገን ፈልገን ስሟን አገኘነው፤ ጽዮን ሞገሳ። በግእዝ «ሞገሷ ጽዮን ናት» ማለት ነው። ልጅቷ ስሙን ደብተሯ ላይ ጻፈችና እንቅልፏ መጥቶ ተኛች። እኔ ግን ከስሙ ሥር ያለውን ማንበብ ቀጠልኩ። ሻማው ሲያልቅ ሌላ ለኮስኩ። ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ ልንገራችሁ።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሠ ታላቅ ንጉሥ ነው። በ1445 የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ድል አድርጓል። በሰንበት ጉዳይ ለሁለት ተከፍላ የነበረችውን ቤተ ክርስቲያን በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አስታርቋል። የእመቤታችን በዓላት በአገሩ ሁሉ እንዲከበሩ ሥርዓት አውጥቷል። መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ በስሙ የሚጠሩ ሥራዎች ናቸው። ደብረ ብርሃንን የመሠረተው እሱ ነው። ከሰማይ ብርሃን ወርዶ ስለታየበት ቦታው ደብረ ብርሃን ተባለ። በእኛ ቤት ከልጅነታችን ጀምሮ ስሙ በአክብሮት የሚነሣ ንጉሥ ነው፤ ዛሬም ያ አክብሮት አልጠፋብኝም።

ነገር ግን ያው ንጉሥ የሚፈራ ሰው ነበር፤ እሱም ይፈራ ነበር። ከመንገሡ በፊት የኖረው በአምባ ግሸን ነው። በዚያ ዘመን ዙፋን እንዳይሻሙ ሲባል የንጉሥ ልጆች በዚያ ተራራ ላይ ይጠበቁ ነበር። ከዚያ ወርዶ የነገሠ ሰው ሴራ ምን እንደሆነ፣ ወንድም በወንድም ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በኋለኛው ዘመኑ «ጣዖት አምልከዋል» ተብለው የተከሰሱ ብዙዎች ተቀጡ። ከተቀጡት መካከል የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹ ነበሩባቸው። ቀደም ሲል ሴት ልጆቹን በየአውራጃው ሾሟቸው ነበር። ሲከሰሱ ግን አስገረፋቸው። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ሕዝቡን ሰብስቦ ልጆቹ የደረሰባቸውን ቅጣት ነገረው፤ የተሰበሰበውም ሰው አለቀሰ።

ጽዮን ሞገሳ በዚህ ቤት ውስጥ ነበረች። በዚያ ዘመን ንጉሡ ከአንድ በላይ ንግሥት ነበረው፤ ቀኝ በዓልቲሐት፣ ግራ በዓልቲሐት የሚባል ማዕረግም ነበር። ጽዮን ሞገሳ የበእደ ማርያም እናት ነች። ያ ልጅ ከጊዜ በኋላ አልጋ ወራሽ ሊሆን ነው። እናት ደግሞ ልጇ ቢነግሥ ትወዳለች፤ ይህን ለማወቅ ቤተ መንግሥት መኖር አያስፈልግም። «ልጇን በአባቱ ዙፋን ላይ ልታስቀምጥ ታሴራለች» የሚል ወሬ ንጉሡ ጆሮ ደረሰ። ንጉሡም ተቆጥቶ እንድትገረፍ አዘዘ። ክፉኛ ተገረፈች፤ ከግርፋቱ የተነሣ ሞተች። የታሪክ ሰዎች ነገሩን በ1462 አካባቢ ያደርጉታል። ከዚያ በስውር ተቀበረች፤ ደብረ ብርሃን አጠገብ በነበረችው መቅደሰ ማርያም በምትባል ቤተ ክርስቲያን።

መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ይህችን «በስውር ተቀበረች» የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኳት።

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም። በ1972 ዓ.ም. በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሽተኛ ስጠብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። ስለዚህ ስለ ግርፋቱ ሳነብ የታየኝ ገላዋ ነው። ሰው ሲያስብ ግርፋት ቆዳ የሚልጥ፣ ደም የሚያፈስ ብቻ ይመስለዋል። ከዚያ የከፋው የማይታየው ነው። ብዙ ሲመታ ጡንቻ ይፈርሳል። የፈረሰው ጡንቻ ወደ ደም ይገባል። ኩላሊት ያንን ማጣራት ያቅተውና ይዘጋል። ሽንት ይቀንሳል፤ የሚወጣውም የቡና አተላ ይመስላል። ሰውየው ከተደበደበ በኋላ ተነሥቶ ውሃ ሊጠጣ፣ ሊያወራም ይችላል። በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ግን ይደክማል። ሐኪሞች ይህን በደንብ የጻፉት በፈረንጆች 1941 ነው፤ ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት የወጡ ሰዎች ከቀናት በኋላ ኩላሊታቸው ተዘግቶ ይሞቱ ነበር። ንግሥቲቱ ስንት ቀን እንደተሠቃየች መጽሐፉ አይነግረንም። ውሃ የሰጣት ሰው ይኑር አይኑርም አይልም።

ታሪኩ ግን በቀብሯ አያበቃም። እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

በእደ ማርያም ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበር። የእናቱን መሞት ሲሰማ ምን አደረገ? ጦር አልሰበሰበም፤ ከአባቱ ጋር አልተጣላም። ለተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ እንዲሆናት ሻማና ዕጣን ላከ። ያደረገው ይህንን ብቻ ነው፤ ማንኛችንም ለእናታችን የምናደርገው ነገር ነው። ንጉሡ ግን ሰማ፤ ሰምቶም ተቆጣ። ልጁን አስጠርቶ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቀው። በተዋረደች ሴት መቃብር ላይ ሻማ ማብራት ራሱ እንደ ሁለተኛ ሴራ ተቆጠረ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና መኳንንቱ መሀል ገብተው የልጁን ታማኝነት ለንጉሡ እስኪያስረዱ ድረስ የበእደ ማርያም ሕይወት በአደጋ ላይ ነበር። በኋላ ግን ታረቁ። ያው ልጅ አልጋ ወራሽ ሆነ፤ አባቱ በ1468 ሲያርፍም ነገሠ።

እዚህ ላይ እሌኒን ሳላነሣ አላልፍም፤ በአንድ ቤተ መንግሥት የሁለት ሴቶች ዕጣ እንዴት እንደሚለያይ ታሳያለችና። እሌኒ የሐድያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ናት። ከሌላ አገር፣ ከሌላ ሃይማኖት መጥታ የዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት ሆነች። በእደ ማርያም ሲነግሥ እናት ስላልነበረው እሷን እንደ እናቱ አድርጎ በንግሥተ እናት ክብር አስቀመጣት። ዜና መዋዕሉ ሃይማኖቷን፣ የመጻሕፍትና የሕግ ዕውቀቷን፣ የማዕድ ዝግጅት ሙያዋን ሳይቀር ያመሰግናል። ከዚያ በኋላ የነገሡትን እስክንድርንና ናዖድን አይታ፣ ሕፃኑ ልብነ ድንግል በ1508 ሲነግሥ ሞግዚት ሆና አገር አስተዳደረች። ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከችው እሷ ናት። እሌኒ ጎበዝ ነበረች። ሆኖም ጽዮን ሞገሳ ከእሷ ያነሰች ሴት ስለነበረች ወደቀች ለማለት ምን ማስረጃ አለን? አንዷን ንጉሥ አመናት፤ ሌላዋን ጠረጠራት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሁለተኛዋ ደግ የሚናገር ማን ይኖራል?

አንድ ሰው ግን ተናገረ፤ እሱም ጸሐፊው ነው። የአባትና የልጁን ዜና መዋዕል የጻፉት የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸው። እንጀራቸው ከንጉሥ ቤት ነው። የሚጽፉትም በአገር የተከበረ፣ ልጁ በዙፋኑ የተቀመጠለት ንጉሥ ታሪክ ነው። «ንግሥቲቱ ታማ አረፈች» ብለው ቢጽፉ ማን ይጠይቃቸው ነበር? አላሉም። ተገርፋ ሞተች አሉ። በስውር ተቀበረች አሉ። ልጇ ሻማ ላከ፣ አባቱ ተቆጣ አሉ። ጁል ፔሩሾን የተባለ ፈረንሳዊ ግእዙን ከትርጉም ጋር በ1893 ፓሪስ ላይ አሳተመው፤ እነሆ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ አልፎ የእኔ የልጅ ልጅ ስሟን በደብተሯ ጻፈች።

ያን ማታ ይህን ሳስብ ፊቴ ላይ ትኩሳት ተሰማኝ። እኔም አንድ ጊዜ በመዝገብ ላይ የአንዲትን ሴት አሟሟት የመጻፍ ተራ ደርሶኝ ነበር። እንደ እነዚያ ጸሐፊዎች አልሆንኩም።

ጊዜው 1980 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ በአንዲት ትንሽ ከተማ እሠራ ነበር። አንድ ማታ አንዲት ሴት በቃሬዛ ይዘው መጡ። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ባሏ በከተማው የሚፈራ፣ ከባለሥልጣኑም ከነጋዴውም የሚውል ሰው ነው። የእሷን ወሬ ከተማው ሁሉ ያውቃል። «ገንዘቡን እየደበቀች ለወንድሞቿ ትሰጣለች፤ ከወንድሞቿ ጋር ሆና ቤቱን ልታፈርስ ነው» ተብላ ከትልቁ ቤት ወጥታ ከማድ ቤቱ ጎን ባለች ክፍል ከከረመች ወራት ሆኗታል። እሷን ደጅ ላይ ቆሞ ሰላም የሚል ጠፍቶ ነበር። እኔም በገበያ ባገኛት አንገቴን ደፍቼ ነው ያለፍኩት።

ያመጧት ሰዎች «ከደረጃ ወደቀች፤ ሦስት ቀኗ ነው» አሉ። ልብሷን ስፈታ አየሁ። ከደረጃ የወደቀ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ አንጓው ይሰበራል፣ ጉልበቱ፣ ክርኑ፣ ግንባሩ ይላጣል። የእሷ ጉዳት ያለው በጀርባዋ፣ በታፋዋ ኋላና ፊቷን ለመከለል ባነሣቻቸው ክንዶቿ ላይ ነው። አንዳንዱ ሰንበር ቀይ፣ አንዳንዱ ሰማያዊ፣ አንዳንዱ ወደ ቢጫ የዞረ፤ የአንድ ቀን አልነበረም። ካቴተር ሳስገባላት የወጣው ሽንት ጥቂት ነበር፤ ቀለሙም የቡና አተላ። ሴላይን ሰቀልንላት። ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈላት፤ መኪና ግን እስኪነጋ አይገኝም ተባለ።

ሌሊቱን አጠገቧ ነበርኩ። ብዙ አልተናገረችም። ማን እንዳደረገው ጠይቄአት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም «ልጄ እራቱን በልቶ ይሆን?» አለችኝ። የስድስት ዓመት ልጅ እንዳላት የማውቀው በዚህ ነው። «በልቷል» አልኳት፤ የማውቀው ነገር አልነበረም። ከንጋቱ በፊት አረፈች።

ጠዋት መዝገቡን ገለጥኩ። የሞት ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ብዕሬን ሳሳርፍ አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «ይህ የቤት ገመና ነው። አንቺ ያመጧት ሰዎች ያሉትን ጻፊ» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም፤ አላስፈራራኝም። መጨመርም አላስፈለገውም። ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ደመወዜ የቤታችን ግማሽ ነው። «ከደረጃ ወድቃ በደረሰባት ጉዳት» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩም።

ራሴን ለመከላከል የምለውን ሁሉ ለራሴ ብዬዋለሁ። ያን ጊዜ የሚሠራበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ፣ ሚስትን ታዛዥ ያደርግ ነበር። ያ ቃል የተነሣው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል ሲያደርግ ነው። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት በስሙ ጠርቶ የሚያስቀጣው አንቀጽ 564 የመጣው ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለው የወንጀል ሕግ ጋር ነው። ነገር ግን ሰው ደብድቦ መግደል በ1980ም ወንጀል ነበር። ከእኔ የሚጠበቀው ባሏን መክሰስ አልነበረም። ያየሁትን መጻፍ ነበር።

ይህን ሁሉ ለማንም ሳልናገር ኖርኩ። ባለቤቴ እንኳ አያውቅም። ባለፈው ነሐሴ ግን በሠፈራችን አንድ ለቅሶ ነበር። ሳንሱሲ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በክረምት ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ድንኳን ውስጥ እግራችንን ሰብስበን፣ የወገብ በሽታና የኑሮ ውድነት እያነሣን ስንጫወት የት የት እንደሠራሁ ተጠየቅሁ። የዚያችን ከተማ ስም ጠራሁ። ከማዶ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ አርባዎቹን የያዘ ሰው ቀና አለ። የሟች ቤተሰብ እንግዳ ነው። ሰው ቀለል ሲል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሲስተር፣ በ1980 እዚያ ነበሩ?» አለኝ።

«ነበርኩ፣ ልጄ።»

የእናቱን ስም ነገረኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቴ መጣ። ቡና አፈላሁለት። ሁለተኛው እስኪቀዳ ምንም አልተባባልንም። ከዚያ የሚያውቀውን ነገረኝ። ካደገ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዶ እንደነበር፣ ወድቃ እንደሞተች በመዝገብ መጻፉን እንደነገሩት አጫወተኝ። አባቱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላም ነገር ጨምሮበት ነበር፤ «እናትህ ሰክራ ነው ከደረጃ የወደቀችው»። ሰካራም የሚል ስም ይዛ ነው የተቀበረችው። በዚያ ቤት ስሟ አይጠራም፣ ፎቶዋ አይሰቀልም፣ ተዝካር አልወጣላትም። እሱም በልጅነቱ ሰዎች ስለ እናቱ ሲጠይቁት ያፍር እንደነበር ነገረኝ።

እኔ የጻፍኩት «ወድቃ» የሚለውን ብቻ ነበር። «ሰክራ» የሚለውን ሌላ ሰው ጨመረበት። የመጀመሪያው ቃል ባይኖር ግን ሁለተኛው ምን ላይ ይቆም ነበር?

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ጠጥታ ነበር?»

«አልጠጣችም» አልኩት። «አፏን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሿ አጠገብ ነበርኩ። መጠጥ የሚባል አልሸተተኝም።»

ከዚያ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ ጀርባዋን፣ ክንዶቿን፣ ሽንቷን። አለቃዬን ሰበብ ሳላደርግ መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔ መሆኔንም ነገርኩት። ስለ እራቱ የጠየቀችውን ስነግረው ሲኒውን አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔም ምን እንደምል ጠፋኝ። ይጮኽብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸም። ሊሄድ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ይህን ወረቀት ላይ ይጻፉልኝ። ለፍርድ ቤት አይደለም። ለልጆቼ ነው» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። ግን አልጻፍኩም። መስከረም አለፈ፤ ጥቅምት ገባ። ሁለት ጊዜ ደወለ። አንድ ጊዜ ዓይኔን አሞኛል አልኩት፤ አንድ ጊዜ አላነሣሁም። አባቱ አርጅቶ በሕይወት አለ። ሽማግሌ ሰው ላይ ነገር ልጀምር ነው? የአባትና የልጅን ገመድ ልበጥስ ነው? እያልኩ ለራሴ ምክንያት እደረድራለሁ። እውነቱን ከተናገርን ግን የፈራሁት ለሽማግሌው አልነበረም። የፈራሁት ፊርማዬን ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት በነጭ ጋውን ተከብሬ፣ ዛሬም በሠፈሩ «ሲስተር» ተብዬ የምጠራ ሰው፣ በገዛ እጄ «ዋሽቻለሁ» ብዬ ልጽፍ ነው።

ይህን ይዤ ነው እንግዲህ ያን ማታ የጽዮን ሞገሳን ታሪክ ያገኘሁት። ጸሐፊው ከእኔ የበለጠ የሚፈራው ነገር ነበረው፤ እኔን ከፊት ያለው የጤና ጣቢያ አለቃ ነበር፣ እሱን ግን የንጉሥ ስም። በእደ ማርያምም የላከው ሻማና ዕጣን ሙት አያስነሣም፤ አባቱንም አይከስስም። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እናት ነበረችኝ፤ አላፍርባትም።» ያ ሰው ቅዳሜ ዕለት ከእኔ የጠየቀውም ይኸው ነበር። ሻማው በእጁ አለ፤ መለኮሻውን ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ጠዋት መብራት ሳይመጣ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጻፍኩ። እንደ ነርስ ሪፖርት ነው የጻፍኩት። የገባችበትን ቀንና ሰዓት፣ ያየሁትን ከራስ እስከ እግር፣ የተደረገላትን እርዳታ፣ የተናገረችውን፣ ያረፈችበትን ሰዓት። የማላውቀውን አልጨመርኩም፤ ማን እንደመታት አላየሁምና ስም አልጻፍኩም። በመጨረሻ፣ «በመዝገቡ ላይ ወድቃ ብዬ የጻፍኩት ያየሁትን አልነበረም» ብዬ ሙሉ ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ቢሆንም ይነበባል።

ከዚያ ታክሲ ይዤ በዊንጌት፣ በአሥራ ስምንት ማዞሪያ አድርጌ ጦር ኃይሎች ድረስ ሄጄ በእጁ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «ይቅር በለኝ» አልኩት። ወዲያው አልመለሰልኝም፤ እኔም መልስ አልጠየቅሁም። ታክሲ እስካገኝ አብሮኝ ቆመ፤ ሒሳቤንም ከፈለልኝ።

በኅዳር ደወለልኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የእናቱን ስም ለጸሎት እንዳስገባ፣ ከልጆቹ ጋር ሆኖ ጧፍ እንዳበራ ነገረኝ። ትልቋ ልጁ ወረቀቱን አንብባ፣ «አያቴ ቆንጆ ነበረች?» ብላ ጠየቀችው። ፎቶ ስለሌለ የሚመልሰው አጥቶ ነው የደወለልኝ። «ቆንጆ ነበረች» አልኩት። ይህኛው ውሸት አይደለም፤ በገበያ አንገቴን ደፍቼ ሳልፍ በቆረጣ አይቻታለሁ።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ለምታነቡ፣ በተለይ ዛሬ ካርድና መዝገብ በእጃችሁ ላለ ወጣት ነርሶች አንድ ነገር ልበል። ያየነውን ሁሉ ማዳን አንችልም። ያመጧት ሰዎች ያሉትን «እንዳሉት» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሥሩ ደግሞ ዓይናችሁ ያየውን ጻፉ። ሰንበሩ የት እንዳለ፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ። ሁለት መስመር ነው፤ አንድ ቀን የአንድ ልጅ አንገት የሚቃናበት ሊሆን ይችላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ልክ ነው፤ ግን አንድ ሰው ካልጻፈው ንጋቱ በጣም ይዘገያል።

የልጅ ልጄ ለቤት ሥራው ጥሩ ማርክ አገኘች። ከገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል፣ «የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ትባላለች» ብላ ጨምራ ነበር። መምህሯ ከጎኑ በቀይ እስክርቢቶ የራይት ምልክት አድርጎበታል።

ቸር ይግጠመን።